የነቃ ብርሌ

ሁለት ሴቶች አሉ። የሁለቱም ትዳር ፈርሷል። ሁለቱም ከፍቺው በኋላ በመጠጥ ሙያ ኑሯቸውን መልሰው አቁመዋል። የአንዷ ታሪክ መጽሐፍ ሆኖ ይሸጣል። የሌላዋ ቡና ላይ በሹክሹክታ ነው የሚወራው። የመጀመሪያዋ ያለችው ካናዳ ነው። ሁለተኛዋ ደብረ ማርቆስ ናት፤ ወይም ቡሬ፣ ወይም ሞጣ፣ ወይም ቢቸና።

ካናዳዊቷ ናታሊ ማክሊን ትባላለች። ወይን ጠጅ እየቀመሰች ስለ ጣዕሙ በመጻፍ የምትተዳደር ሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ2023 ግለ ታሪኳን አሳተመች። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሃያ ዓመት አብሯት የኖረው ባሏ ፍቺ ጠየቃት። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ በሙያዋ ሰበብ በኢንተርኔት የወቀሳ መዓት ወረደባት። ከወቃሾቹ ብዙዎቹ በዚያው ሙያ ያሉ ወንዶች ነበሩ። አንዳንዱ ሥራዋን ትቶ ሴትነቷን ወደ መዝለፍ ሄደ። እሷም እንጀራዋ የሆነውን መጠጥ የሐዘን መርሻ አደረገችው። ከዚህ ሁሉ እንዴት እንደወጣች ነው የምትተርከው።

ታሪኩ ጥሩ ነው። እኔን የከነከነኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የተፋታች ሴት መጠጥ አዋቂ ሆና ስትኖር እዚያ ማዶ "ተነሳች" ይባላል። እኛ ጋ "ወደቀች" ይባላል። የሁለቱም እንጀራ መጠጥ ማወቅ ነው። የእኛዋ እንዲያውም ከመቅመስ አልፋ ትጠምቃለች፣ ትጠብቃለች፣ ትሸጣለች። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

የጎጃሟን ሴት ሁላችንም እናውቃታለን። ገጠር ተወለደች። በልጅነቷ ተዳረች። ትዳሩ አልሆነላትም። ልጇን አዝላ ከተማ ገባች። ዘመድ ቤት ጥቂት ከረመች፤ ፊት ሲነሷት ወጣች። አንዲት ክፍል ተከራየች። ጋን በዱቤ ወሰደች። ጠላ ጠመቀች። ደጃፏ ላይ እንጨት ተክላ ጣሳ ደፋችበት። አላፊ አግዳሚው ጣሳውን አይቶ ገባ። ጠላው ሲለመድ አረቄ ማውጣት ጀመረች። እጇ ላይ ትንሽ ገንዘብ ሲገኝ ማር ገዝታ ጠጅ ጣለች። ልጇን አስተማረች። የቤት ኪራይ አንድም ወር አላሳደረችም።

ይህን ሁሉ ሠርታ ስሟ ሲነሳ የምንለው አንድ ነገር ነው፦ "ምስኪን፣ ትዳሯ ፈርሶ መሸታ ቤት ገባች።" አለቀ። ሃያ ዓመት የለፋችበት ነገር ከሐዘን መግለጫ አያልፍም።

ተረቱም ያግዘናል። "ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ" እንላለን። የሴት ስም ሲጎድፍ፣ ትዳር ሲናጋ፣ ይቺው ትመዘዛለች። ተረቱን ያወጣው ሰው ብርሌ አጥቦ የሚያውቅ አይመስለኝም። ጠጅ ቤት ያላት ሴት አፉ የተሸረፈ ብርሌ አትጥልም። ለራሷ ትቀዳበታለች፣ ወይ ለቅምሻ ታስቀምጠዋለች።

እስቲ ወደ ሙያው እንምጣ። እዚህ ላይ ነው መቆየት የምፈልገው፤ ምክንያቱም ከታሪኳ ውስጥ ሁልጊዜ ተዘሎ የሚቀረው ይሄ ነው።

ጎጃም የማር አገር ነው። ክረምቱ ሲወጣ አደይ አበባ ይፈነዳል። ተከትሎ የኑግ ማሳው ቢጫ ይለብሳል። ንቡ ያንን ቀስሞ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ማር ይቆረጣል። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ በማር ምርት ቀዳሚ ናት። ከዚያ ማር ትልቁ እጅ የሚሄደው ወደ ጠጅ ጋን ነው። ይህን ያህል ሀብት ወደ መጠጥ የሚቀየረው ደግሞ በአብዛኛው በሴቶች እጅ ነው። ማሩን የሚቆርጠው ግን ወንድ ነው። የባህላዊው ቀፎ ቦታ ዛፍ ላይ ነው፤ ሴት ዛፍ ላይ ስትወጣ ነውር ነበር። ዘመናዊው ቀፎ ጓሮ ውስጥ መቀመጥ ሲጀምር ነው ሴቶች ለራሳቸው ንብ ማነብ የቀለላቸው። እስከዚያ ድረስ ጠጅ ጣይዋ የማሩን ዋጋ ለመከራከር እንኳ አቅም አልነበራትም። የተጠየቀችውን ከፍላ ትወስዳለች።

ማሩ ቤት ገባ እንበል። መጀመሪያ ጋኑ በግራዋ ይታጠባል። ከዚያ በወይራ ይታጠናል። ጢሱ ጋኑ ውስጥ ይገባና ታፍኖ ይቆያል። ማሩ በውኃ ይበረዛል። አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውኃ ነው የሚባለው፤ ግን ማር ሁሉ አንድ አይደለም። ወፍራም አለ፣ ቀጭን አለ፣ አጭበርባሪ ነጋዴ ስኳር የቀላቀለበት አለ። ስለዚህ ልኩን የምታውቀው በጣቷ ነክራ ነው። ጥቂት ቀን ሲያድር ሰፈፉ ይወጣል፤ ይገፈፋል። ከዚያ የጌሾው እንጨት ይገባል። ለጠላ ቅጠሉ ይሄዳል፤ ለጠጅ እንጨቱ ይመረጣል። ጌሾው ምሬቱን ይሰጣል፤ መጠጡ እንዳይበላሽም ይጠብቃል። ከበዛ አፍ ያስራል። ካነሰ ጠጁ ቶሎ ይኮመጥጣል። ሲበቃው ጌሾው ወጥቶ ይጣራል።

የገዛችው እርሾ የለም። እርሾው ከማሩ፣ ከጌሾውና ከጋኑ ራሱ ነው የሚመጣው። የወይን ጠጅ ፋብሪካ ሙቀቱን በመሣሪያ ይለካል። እሷ የምትለካው በእጇ መዳፍ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ደጋ ነው። እዚያ ጠጅ ቀስ ብሎ ነው የሚደርሰው። ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ሙቀቱ ያፋጥነዋል። ከቆላ ወደ ደጋ ተዛውራ የምትጥል ሴት ሙያዋን እንደገና ትማራለች ማለት ነው።

አንድ ጊዜ በሰፈራችን ያሉ ጠጅ ጣይ፣ "እትዬ፣ መድረሱን በምን ያውቁታል?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ጆሮዬን ጋኑ ላይ አስጠግቼ ነዋ" አሉኝ። "ያወራል። ወሬው ሲቀንስ ደርሷል።"

"ቢሳሳቱስ?"

"አንተ ልጅ፣ ብሳሳት ማን ይከፍልልኛል?"

ይህን ነው ግለ ታሪክ ውስጥ ማንበብ የምፈልገው። የወይኑ ዓለም እንዲህ ያለውን እውቀት ፈተና ሠርቶለታል። ሶመሊየር ይባላሉ፤ ምግብ ቤት ውስጥ ወይን መርጠው የሚያቀርቡ ባለሙያዎች ናቸው። ፈተናቸው ዓይን ጨፍኖ እንደ መቅመስ ነው፤ ጠርሙሱ ተሸፍኖ ይቀዳላቸውና ወይኑ ከየት አገር እንደመጣ፣ በየትኛው ዓመት እንደተጠመቀ ለመናገር ይሞክራሉ። ያለፈው ሰርተፊኬት ያገኛል፤ ደረቱ ላይ ምልክት ይለጥፋል። የእኛዋ ደግሞ አንድ ጉንጭ ጠጅ አፏ ውስጥ አዙራ ስኳር የገባበት መሆኑን ትነግራችኋለች። ማሩ የኑግ ይሁን የሌላ ትነግራችኋለች። ደረቁን፣ መካከለኛውን፣ ለስላሳውን ለማን እንደምትቀዳ ደንበኛዋን ገና በሩ ላይ አይታ ታውቃለች። ጠጁን አሞግሶ ወይም አጣጥሎ ፍርድ የሚሰጠው ግን ወንበር ላይ የተቀመጠው ወንድ ነው። "ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ" የሚለው ተረት የተሠራው ጠጅ ቤት ውስጥ ይሆን እላለሁ አንዳንዴ።

በነገራችን ላይ፣ ስለ ወይን ጠጅ ስናገር የጎጃም ሰው ትንሽ ግር ይለዋል። ወይን ለእኛ ከሁሉ በፊት የቅዳሴ ነገር ነው። እሱም ከዘቢብ ይጨመቃል። የጠርሙሱ ወይን ከአዋሽ ወይም ከዝዋይ ይመጣል፤ የዝዋዩ ገበያ የገባው እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ነው። አሁን የባሕር ዳር ሆቴል አስተናጋጅ ጠርሙሱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ትንሽ ቀድቶ "ይቅመሱት" ይላችኋል። ጠጅ ግን በቢጫ ጀሪካን ተሞልቶ በጓሮ በር ይገባል። የአልኮል መጠናቸውን ብትለኩት ብዙም አይራራቁም። ጥሩ ጠጅ 10 በመቶ አካባቢ ይደርሳል፤ አንዳንዱም ያልፋል።

አሁን ወደ ፈረንሳይ ልውሰዳችሁ። ባርብ ኒኮል ክሊኮ የምትባል ሴት ነበረች፤ ራንስ በምትባል ከተማ፣ በሻምፓኝ አገር። እ.ኤ.አ. በ1805 ባሏ ሞተ። 27 ዓመቷ ነበር። አንዲት ሴት ልጅ ይዛ ቀረች። በጊዜው የፈረንሳይ ሕግ ባል ያላት ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ እንድትነግድ አይፈቅድም ነበር። መበለት ግን ትችላለች። የባሏን የወይን ንግድ ተረከበች። እ.ኤ.አ. በ1814 የናፖሊዮን ጦርነት ገና እየበረደ ሳለ ተፎካካሪዎቿን ቀድማ ወይኗን ወደ ሩሲያ ጫነች። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ከጓዳ ሠራተኛዋ ጋር ሆና ጠርሙሱን በአፉ ደፍቶ የሚይዝ ባለቀዳዳ ጠረጴዛ ሠራች። ጠርሙሱ በየጊዜው እየተነቀነቀ ሲዞር አተላው አንገቱ ላይ ይጠራቀማል፤ ከዚያ ተጠርጎ ይወጣል። ሻምፓኝ ኩልል ብሎ መቀዳት የቻለው በዚህ ነው። ዘዴው እስካሁን ይሠራበታል። ጠርሙሱ ላይ መበለትነቷ ሳይቀር ተጽፏል፤ ማንም አላፈረበትም።

ግን ይሄ ታሪክ ሲተረክ ሁልጊዜ አንድ ነገር ቀለል ተደርጎ ያልፋል። ሴትዮዋ የሀብታም ልጅ ነበረች። አባቷ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ በኋላም የከተማዋ ከንቲባ ሆኗል። የአማቷም ገንዘብ ነበራት። የእኛዋ ሴት አማት ሲሳይ ሆኖላት አያውቅም። ጋኑን ሳይቀር በዱቤ ነው የወሰደችው። እንዲያውም ዕቁቧ ባይኖር ሁለተኛ ጋን አትገዛም ነበር።

ሕጉስ ካላችሁ፣ ሕጉ ተሻሽሏል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ ያደርግ ነበር። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ያንን ቀየረ፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን አወጣ። ሲፋቱ የጋራ ንብረት እኩል ይካፈላል። በ1989 ዓ.ም. በተደረገው የመሬት ሽግሽግ ስማቸው የገባ ሴቶች አሉ። ቀጥሎ በመጣው የይዞታ ደብተር ላይም የባልና የሚስት ስም አብሮ ይጻፋል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ አላናንቀውም። ሆኖም ስንቷ ናት ደብተሩን ይዛ ፍርድ ቤት የምትቆመው? ሽማግሌ ገብቶ "ተይ፣ ልጅ አላችሁ፣ አትካሰሱ" ሲላት ባዶ እጇን የወጣች ስንት አለች? መሬቷን ጥላ የወጣችው ሴት ይዛ የወጣችው አንድ ነገር ነው። ከእናቷ ጓዳ የተማረችውን። እሱን ደግሞ የሚያካፍል ዳኛ የለም።

እዚህ ላይ አንዳንድ አንባቢ "እንግዲህ መሸታ ቤትን ልታመሰግንልን ነው" ሊል ይችላል። አይደለም። የአረቄን ነገር ሁላችንም እናየዋለን። ዳግም አረቄ 45 በመቶ አካባቢ ነው። ጠዋት በባዶ ሆዱ የሚጠጣው ሰው ማን ቤት እንደሚጠጣ የታወቀ ነው። ያቺው የምናደንቃት ሴት ናት የምትቀዳለት። ሚስቱ መጥታ "እባክሽ አትስጪው" ስትላት ምን ትመልሳለች? እሷ ራሷ ከሰካራም ባል ሸሽታ የመጣች ብትሆንስ? ሐቀኛ ግለ ታሪክ ይህን ይናገራል። ካናዳዊቷ የገዛ ብርጭቆዋን ቆጥራ መጻፏን የማከብረው ለዚህ ነው። እኛ ጋ ሻጯ ስትጠጣ ማንም አያነሳውም። ነገር ግን "ለቅምሻ" ተብሎ የሚጀመረው ቀኑን ሙሉ ሲደጋገም ምን እንደሚያደርግ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ሌላም አለ። አሳላፊ ሆነው የሚቀጠሩት ልጆች። ገና ከገጠር የመጡ፣ ደሞዛቸው ትንሽ፣ ሌሊቱ ረጅም። የሰካራም እጅ ማንን እንደሚያስቸግር አይጠፋንም። የዚያ ቤት ባለቤት አንዳንዴ ልጆቹን የምትጠብቅ እናት ናት። አንዳንዴ ደግሞ አይታ እንዳላየች የምታልፍ ናት፤ ገበያው እንዳይርቅ ብላ። ይህም የእኛ ጉድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ ሴት የወይን ባለሙያዎች በትልልቆቹ ወንድ ሶመሊየሮች የደረሰባቸውን ጾታዊ ጥቃት በአደባባይ ተናግረዋል። ነጭ ጨርቅና ሰርተፊኬት ባለበትም ቤት ያው ነበር። ልዩነቱ እነሱ ተናግረው ጋዜጣ ጽፎላቸዋል።

እንግዲህ ጉዳዬ ይሄ ነው። የጎጃም ጠጅ ጣይ ግለ ታሪክ ይጻፍ። በራሷ አፍ፣ ሙያዋ ከነዝርዝሩ ገብቶበት።

ስንጽፈው ግን እንደ ቴሌቪዥኑ እንዳይሆን እፈራለሁ። የቴሌቪዥኑን ታውቁታላችሁ። "ከዜሮ ተነስታ" ይላል አቅራቢው። ሙዚቃው ይለሰልሳል። ሴትዮዋ ታለቅሳለች። ከዚያ ፎቁ ይታያል። በመሃል ያለው አሥራ ምናምን ዓመት አምስት ደቂቃ አይሞላም። ማሩን ከማን እንደገዛች፣ የመጀመሪያው ጋን ሲኮመጥጥባት ምን እንዳደረገች፣ ዱቤ የከለከለችውን ሰው እንዴት እንደመለሰችው፣ ግብር ሰብሳቢው ሲመጣ ስንት ጋን እንዳሳየች አይጠየቅም። "ከዜሮ" የሚለው ራሱ ስድብ ነው። ዜሮ አልነበረችም። ሙያ ነበራት።

"ያልተማረች ሴት እንዴት ግለ ታሪክ ትጽፋለች?" የሚል ካለ፣ ጎጃም ተወልዶ ይህን መጠየቅ የለበትም። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ነበሩ። ጽላሎ ላይ ጉባኤ ዘርግተው ቅኔ አስተምረዋል፤ ወንድ ሊቃውንት ከእግራቸው ሥር ተቀምጠው ተምረዋል። ቅኔያቸውን ሰምቶ የያዘ ተማሪ በመኖሩ ነው ስማቸው የደረሰን። ለጠጅ ጣይዋም የሚያስፈልጋት ይሄው ነው፤ ሰምቶ የሚይዝ። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ አለ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አለ። የፎክሎሩ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ የሠርግ ግጥም ይሰበስባል፤ ጥሩ ነው። ከግጥሙ ጎን ያለውን ጋንም ይጠይቅ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ደብረ ማርቆስ ላይ ግብር ሲያበሉ ማን የት እንደተቀመጠ የሚተርክልን አናጣም። ጠጁን የጣለችውን ሴት ስም የሚነግረን ግን የለም።

ጊዜውም አይጠብቅም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ጎጃም ጦርነት ውስጥ ናት። መንገድ ሲዘጋ ማር ከገጠር አይወጣም። ማታ ሰው ከቤቱ አይወጣም፤ የጠጅ ቤት ገበያ ደግሞ ማታ ነው። አንድ ጊዜ ከፍቺ በኋላ ኑሮዋን የሠራች ሴት አሁን ሁለተኛ ጊዜ እየሠራች ነው። ልጇን ወደ አዲስ አበባ ልካ፣ ጋኑን ደፍታ የተቀመጠች አለች። ስኳር ጨምራ ቤቷን ያቆየች አለች፤ እሷንም አልፈርድባትም። የሚጠይቃት ሰው ደፍሮ መጥቶ ይጠይቃት፤ ስልክ ሲሠራ በስልክ፣ ካልሆነም ወደ አዲስ አበባ የመጣችውን እዚያው ሄዶ።

አንድ ሁለት ነገር ግን አደራ። ሽፋኑ ላይ የሚወጣው ስም የእሷ ይሁን፤ ቀድቶ የጻፈው ልጅ ስሙን ከውስጥ፣ በትንሹ ያስገባ። ከሽያጩም ድርሻዋ በውል ይጻፍላት። የባሏን ስም መጥራት ካልፈለገች አይጠራ፤ መጥራት ከፈለገችም ሽማግሌ አይላክባት። የጌሾዋን ልክ ደግሞ ካልነገረች አትጨቅጭቋት። ነገ ጠዋት የምትሸጠው እሱን ነው።